የማትተኛዋ ሰዓት

መምህሩ የመጀመሪያዋን የርምጃ መቁጠሪያ የተዋት በመብራት ምክንያት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2023 ኬንያን ጨለማ በዋጣት ሌሊት፣ ሰዓቲቱ ቻርጀሯ ላይ እንዳለች ጠፋች። ናይሮቢ በሚገኘው አፓርታማቸው ሻማ ፍለጋ ሲንደፋደፉ እርሷን ማን ያስታውሳታል? በማግሥቱም አላነሷትም፤ መሳቢያ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸውና ሐኪማቸው በየቀኑ እንዲራመዱ አዝዟቸዋል። ከዚያ ወዲህ ርምጃቸውን በግምት ነበር የሚቆጥሩት።

አዲሲቱን የላከችላቸው ቶሮንቶ የምትኖረው ልጃቸው ናት። ይህችኛዋ ቻርጅ አትፈልግም። በውስጧ የያዘቻት የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አንድ ዓመት ታገለግላለች። ምሥጢሩ ቁጠባ ነው። ደምቆ የሚያበራ ባለቀለም መስኮት የላትም፤ የልብ ምት ለመለካት ቆዳ ላይ አረንጓዴ ብርሃን አትረጭም፤ ከስልክ ጋር የምትነጋገረውም አልፎ አልፎ ብቻ ነው። አክስለሮሜትር በሚባል ቅንጣት መሣሪያ የእጅን መወዛወዝ እያዳመጠች ትቆጥራለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው።

መምህሩ በመጀመሪያ የተጣሉት ከዐሥር ሺሕ ጋር ነው። ሰዓቲቱ በቀን 10,000 ርምጃ ትጠይቃለች። የሒሳብ መምህር ናቸውና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሲያገላብጡ ቶክዮ ደረሱ። አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የቶክዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ እርሳቸው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወሬው ሠፈራቸው የደረሰበትን ቀን ዛሬም ያስታውሱታል። ከዚያ ኦሊምፒክ በኋላ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ «ማንፖ ኬ» የሚባል መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ ትርጉሙ የዐሥር ሺሕ ርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩ ከዚያ ስም ወጥቶ ዓለምን ዞረ። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ተከታትሎ፣ ጥቅሙ ከ7,500 ርምጃ ገደማ በኋላ እንደማይጨምር አሳይቷል። መምህሩ 7,500ን ወደዱት። በሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ለእርሳቸው ይሠራ እንደሆን ግን አልጠየቁም፤ ለሒሳብ ሰው ይህች ትንሽ ሸፍጥ ናት።

ጣጣው የመጣው ከሌሊቱ ነው። ቻርጅ የምትፈልግ ሰዓት ማታ ትወልቃለች፤ ሌሊት የሆነውን አታውቅም። ይህችኛዋ ግን ከእጅ የምትወርድበት ምክንያት የላትም። የመምህሩ ባለቤት ካለፈው ዓመት ጀምሮ በስትሮክ ሕመም ቀኝ ጎናቸው ደክሟል፤ ሌሊት የሚያገላብጣቸው፣ ውሃ የሚያቀርብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ልጅቱ በደወለች ቁጥር ከአባቷ የምትሰማው «ደኅና ነን፤ እንተኛለን» የሚል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ተለወጠ።

«አባባ፣ ሌሊት አራት ጊዜ ይነሣሉ እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰዓቱ።»

ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈተና ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ ሆኑ። ልጅቱ ቀጠለች። «ደግሞ በየቀኑ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ምንም ርምጃ የለም። ደክሞዎት ተኝተው ነው?»

በዚያ ሰዓት እንቅልፍ የለም። መምህሩ ባለቤታቸውን በግራ ክንዳቸው ደግፈው፣ እያረፉም እየተነሡም፣ በሕንፃው ኮሪደር ይመላለሳሉ። የተያዘ ክንድ አይወዛወዝም፤ ክንዱ ያልተወዛወዘ ሰው ደግሞ ለሰዓቲቱ የተቀመጠ ሰው ነው። በላብ ተጠምቀው ሲመለሱ፣ ብዙ ለተቀመጡ ሰዎች የምትወጣው ቀይ መስመር መስኮቷ ላይ ተጋድማ ያገኟታል።

ወይዘሮዋን ከሕመሙ ወዲህ ቃል አልታዘዝ ብሏቸዋል። የልጃቸውን ስም ሊጠሩ ሲሉ ሌላ ቃል ይወጣል። ቁጥር ግን አልከዳቸውም፤ በእንዲህ ያለ ሕመም ንግግር የጠፋባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ብለው ከጀመሩ ቆጠራው እንደ ዜማ ይከተልላቸዋል። ስለዚህ በኮሪደሩ ርምጃ የሚቆጥሩት ወይዘሮዋ ናቸው። «ሃያ ሦስት… ሃያ አራት…» ሲሉ የጎረቤት ልጆች ከየበሩ ብቅ እያሉ በስዋሂሊ ይቀበሏቸዋል።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያም ለሌሊቱ አስታማሚ እንዲቀጠር ገንዘብ እልካለሁ አለች። አባት አያስፈልግም አሉ። ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። አሁን በሳምንት ሦስት ሌሊት አንዲት ሴት ትመጣለች፤ በእነዚያ ሌሊቶች የመምህሩ እንቅልፍ በልጅቱ ስልክ ላይ ሳይቆራረጥ ይታያል። በቀሩት አራቱ ግን ያው እንደ ቀድሞው ነው፤ ስለ እነርሱም ክርክሩ አላለቀም።

የዐሥር ሰዓቱን ጉዳይ መምህሩ ለብቻቸው ሊፈቱት ሞከሩ። ሰዓቲቱን አውልቀው ካልሲያቸው ውስጥ ከተቷት። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ወይዘሮዋ «ስድሳ አራት» አሉ። ጎንበስ ብለው ቢያዩ ሰዓቲቱ ስድሳ አንድ ትላለች። መምህሩ በቆየ የተማሪዎች ስም መጥሪያ መዝገባቸው ላይ፣ ከቀኑ ጎን፣ 64 ብለው ጻፉና ባለቤታቸውን ለሁለተኛው ዙር አስነሧቸው።