ስለ አሮጌው በረኛ

ቤት ያለው ሰው በር ያበጃል፤ ሀብት ያለውም በበሩ ላይ በረኛ ያቆማል። በረኛው ግን የሚገባውንና የሚወጣውን ለይቶ የማያውቅ ከሆነ፥ በሩ ቢዘጋም ቤቱ እንደ ተከፈተ ይቆጠራል።

ልጆች ሆይ፥ በዛሬው ዘመን ኢንተርኔት በገባበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ በረኛ አለ። ስሙም ራውተር ይባላል። መልኩ መብራት ያላት ትንሽ ሣጥን ነው። ከውጭ በሽቦ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ፥ በዓይን በማይታይ የራዲዮ ሞገድ ለቤተ ሰቡ ስልክና ኮምፒዩተር ያካፍላል፤ ከቤት የሚወጣውንም ወደ ውጭ ይሰዳል። ይህም ያለ ሽቦ መላላክ ዋይፋይ ይባላል።

በእኛ ቤት የነበረው ራውተር ዘጠኝ ዓመት አገለገለ። ልጆቼ ትምህርታቸውን የሚያነቡት፥ እናቴም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ከሄደችው እኅቴ ጋር የምትነጋገረው በእርሱ ነበር። በኋላ ግን ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። እኅቴ ስትናገር ግማሹ ቃል ይሰማል፥ ግማሹ ይጠፋል፤ እናቴም «ምን አልሽ ልጄ?» እያለች ትደክም ነበር።

የሚያውቁን ሰዎች «አርጅቷልና ይጣል» አሉ። ነገር ግን ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባምና አስቀድሜ መረመርሁ። ብረት የራዲዮን ሞገድ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ወፍራም ግንብም ያደክመዋል። ስለዚህ ራውተሩን ከብረት ቁም ሣጥኑ አራቅሁት፥ በቤቱም መካከል ከፍ ባለ ስፍራ አኖርሁት። የሽቦውንም ጫፍ ሁሉ አጠበቅሁ። ከዚህም በኋላ የእኅቴ ድምፅ ጠርቶ ተሰማ። እናቴም ደስ አላትና «አየህ ልጄ፥ ለካ ጤነኛ ነው። ሌላ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» አለች። ነገሩም እውነት መሰለ።

በዚያን ጊዜ ንባብ የምትማረው ታናሽ ልጄ ሣጥኑን ገልብጣ፥ ከሥሩ የተጻፈውን የሞዴሉን ስምና ቁጥር አንድ በአንድ አነበበችልኝ። እኔም ያንን ቁጥር ሠሪው ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ፈለግሁት። አገኘሁትም፤ በአጠገቡም ለዚህ ዓይነት ራውተር ማደሻ መላክ ከቆመ ሁለት ዓመት እንደ ሆነ ተጽፎ ነበር።

ማደሻ ማለት ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። በራውተሩ ውስጥ ሥራውን የሚመራ ሶፍትዌር የሚባል ትእዛዝ ተጽፏል። ሰው የጻፈው ስለ ሆነ ስሕተት አይታጣበትም፤ ስሕተቱም ለሌባ ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው በታወቀ ጊዜ ሠሪው የሚደፍነውን አዲስ ትእዛዝ ጽፎ ይልካል፤ ይህም ማደሻ፥ በብዙ ሰው አፍ አፕዴት ይባላል። ሠሪው መላክ ባቆመ ጊዜ ግን ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ይቀራል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው፥ መብራቷ እንደ ቀድሞው መብራቷ ነው። በረኛው በደጅ ቆሟል፤ ነገር ግን አዲሱን ሌባ አያውቀውም።

ይህ ተረት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ቪፒኤንፊልተር የሚባል ክፉ ፕሮግራም፥ በ54 አገሮች ከ500,000 የማያንሱ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን እንደ ያዘ መርማሪዎች ገምተው ተናገሩ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፥ ወንጀለኞች ማደሻ የቆመባቸውን አሮጌ ራውተሮች እየያዙ በእነርሱ እንደሚሸሸጉ አስጠነቀቀ። እንዲህ ያለው ሌባ የባለቤቱን ገንዘብ ላይነካ ይችላል። ነገር ግን በባለቤቱ ደጅ ቆሞ ሌላውን ሰው ይሰርቃል፤ ዱካውም ወደዚያ ንጹሕ ቤት ይመራል።

ይህን ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ ጥቂት ዝም አለች። የአዲሱ ዋጋ ለቤታችን ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለችና። ከዚያም «ለእኛ ብቻ ቢሆን ይቆይ ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን የሰው እንባ በቤቴ በኩል አይለፍ። ለውጠው» አለች።

አዲሱንም ከመግዛቴ በፊት ሠሪው እስከ መቼ ማደሻ እንደሚልክለት ጠየቅሁ። ቤት በገባም ጊዜ በፋብሪካ የተሰጠውን የይለፍ ቃል በሌላ ረዥም ቃል ለወጥሁ፤ ማደሻውም በራሱ እንዲመጣ አዘዝሁት። ደብልዩ ፒ ኤ 3 የሚባለውን በ2018 ዓ.ም. የወጣውንም መቆለፊያ መረጥሁለት። አሮጌውን ግን እንዲሁ አልጣልሁትም፤ የቤታችንን የይለፍ ቃል በውስጡ ይዟልና። በጀርባው ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በቀጭን እንጨት ተጭኜ የያዘውን ሁሉ አጠፋሁ። ከዚያም አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ለሚሰበስብ ሰው ሰጠሁት። እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ መሬትንና ውኃን የሚጎዳ ነገር ስለሚገኝ፥ በሜዳ መጣል አይገባም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። አሮጌው ራውተር ከደጅ የተነሣው ስላረጀ አይደለም፤ አዲስ ነገር መማር ስላቆመ ነው። ሽማግሌ ሲሆኑ በየቀኑ የሚጠይቁና የሚማሩ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ለቤታቸውም ለአገራቸውም ታማኝ ጠባቂዎች ናቸው። ወጣት ሆኖ «ይበቃኛል፥ አውቄአለሁ» የሚል ሰው ግን መብራቱ ቢበራም ደጁ ክፍት ነው። እኔም ፀጉሬ የሸበተ መምህር ስሆን፥ ማታ ማታ መጽሐፌን የምገልጠው ይህን እያሰብሁ ነው። እናንተም ዛሬ የጀመራችሁትን ንባብ አትተዉ። በሣጥኑ ሥር የነበረውን ጽሕፈት ትልቁ ሰው ሁሉ ሳያየው ያነበበችው፥ ገና ፊደል የምትለይ ልጅ ናትና።