ጠበቃ ይያዝ ወይስ አይያዝ?

እኛ ሐበሾች ገንዘብ ስናወጣ የሚያንገበግቡን ሁለት ነገሮች አሉ፤ ኢንሹራንስና ጠበቃ። ኢንሹራንሱን መንግሥት ስለሚያስገድደን እያማረርንም ቢሆን እንገዛዋለን። ጠበቃ እንድንይዝ ግን የሚያስገድደን የለም። እንዲያውም ጠበቃ መያዝ በእኛ ልብ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ «ጉዴ ከባድ ነው» ብሎ ማወጅ፣ ወይ «አጥፍቼ ልክድ ነው» ማለት። ሁለቱም ያሳፍራል። ስለዚህ ፖሊስ የሰጠንን ወረቀት አጣጥፈን ኪሳችን እንከትና፣ ለማንም ሳንናገር፣ ቀኑ ሲደርስ ብቻችንን ዳኛ ፊት እንቆማለን።

ሰሞኑን እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ጓደኛሞች በዚህ ጉዳይ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጭቀናል። ምክንያቱ አንድ ጓደኛችን ነው (ስሙን አንጠራም፤ እናቱ አዲስ አበባ ሆነውም ሁሉን ይሰማሉ)። ከሠርግ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው፤ የትንፋሽ መመርመሪያው 0.11 አለ። በቨርጂኒያ 0.08 ከደረሰ ያስከስሳል። የመጀመሪያ ክሱ ነው፤ የተጎዳም ሰው የለም። ለእኛ ግን ትንፍሽ አላለም። ያወቅነው፣ ደለስ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የሚውል ልጅ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ አይተነው ነው። ለካስ ቁጥሩ 0.08 ከደረሰ ገና ፍርድ ሳይሰጥ መንጃ ፈቃድ ለ7 ቀን ይታገዳል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል፤ ጠጥቶ መንዳትን ልናቃልል አይደለም። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሰክረው የሚነዱ ሰዎች ባሉበት አደጋ ከ12,000 በላይ ሰው ሞቷል። ይህንን ለልጁ ፊት ለፊት ነግረነዋል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰምቷል። ክርክራችን ጥፋት ነው አይደለም አልነበረም። ጥፋቱን ያመነ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል የሚል ነበር።

ግማሾቻችን «ምንም!» አልን። ማሽኑ መስክሯል፤ ልጁም አልካደም። የሕጉ ዝቅተኛ ቅጣት 250 ዶላር ነው። ለ250 ዶላር ብሎ ለጠበቃ በሺህ የሚቆጠር ዶላር መክፈል ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችንም ከዚህ ወገን ሆኑ። «ልጆቼ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ጥፋተኛ ነኝ ይበልና ከፍሎ ይውጣ» አሉ።

ሌሎቻችን «ቆይ እስቲ» አልን። ከመሃላችን ጋዜጠኝነት የተማርን አለንና ሌላው ቢቀር ማንበብ አያቅተንም ብለን ሕጉን ከፈትነው። ያኔ ነው የ250 ዶላሩ ሒሳብ የፈረሰው።

250 ወለሉ ነው። ጣሪያው 2,500 ዶላርና 12 ወር እስራት ነው። መንጃ ፈቃድ ለ12 ወር ይሄዳል። ዳኛው ለሥራ መመላለሻ የሚሆን የተገደበ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ከ2012 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበትም ሰው መኪናው ላይ ኢንተርሎክ ማስገጠም አለበት። እፍ ሳይሉበት መኪናው አይነሣም፤ ኪራዩን የሚከፍለውም ባለመኪናው ነው። የአልኮል ትምህርቱም በራስ ወጪ ነው። ቁጥሩ 0.15 ከደረሰ 5 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን እስር ግዴታ ነው፤ ዳኛው ቢያዝንም አይቀርም። ጥፋቱ ዲ.ኤም.ቪ. መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል። ኢንሹራንሱማ… እሱን ተዉት!

ሌላው ደግሞ የአገሩ ነገር ነው። ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድ ብንሆን ዳኛው ለመጀመሪያ ጥፋት ፍርዱን ሳይመዘግብ በገደብ ሊያሰናብት ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ነገሩ እንደ ሜሪላንድ አይደለም። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለ የአክስት ልጅ «እኔ እኮ ያለ ጠበቃ ወጣሁ» ቢላችሁ ጆሮ አትስጡ። የእሱ ሕግ ሌላ፣ የእናንተ ሕግ ሌላ።

እሺ፣ ጠበቃው ታዲያ ምን ይሠራል? ተአምር አይሠራም፤ «ነጻ አወጣሃለሁ» የሚል ካገኛችሁ ሽሹ። ግን ፖሊሱ መጀመሪያ ያስቆመው በቂ ምክንያት ኖሮት እንደሆነ ይጠይቃል። ቪዲዮውን ያያል። የምርመራውን ወረቀት በሰዓትና በደቂቃ ይፈትሻል። አንዳንዴም ዐቃቤ ሕጉን አነጋግሮ ክሱ በግድየለሽነት ወደ መንዳት ዝቅ እንዲል ያደርጋል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይገኝም፤ ያኔም ቢያንስ ልጁ የሚፈርመው ነገር ምን እንደሆነ አውቆ ይፈርማል።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ዋናው የወረቀት ጉዳይ ነው። ጥሩውን ወሬ እናስቀድም፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በሊዮካል ጉዳይ ጠጥቶ መንዳት ከአገር የሚያስባርር «የኃይል ወንጀል» አይደለም ብሏል። ግን እዚያ ላይ አያበቃም። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ላለ ሰው፣ ከ2015 ወዲህ፣ ሳይፈረድበት በመያዙ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ስለተያዘበት ጊዜ ሁሉ ይጠየቃል፤ በሚታዩት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተፈረደበት ደግሞ፣ በ2019 በተሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል። የመጀመሪያው ክስ «የመጀመሪያ ነው» ተብሎ የማይናቀው ለዚህ ነው።

በ2010 ይኸው ፍርድ ቤት በፓዲላ ጉዳይ፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነት ማመን ከአገር እንደሚያስባርር ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ፈርዷል። ግዴታው የተጣለው ጠበቃው ላይ ነው። ጠበቃ የሌለውን ሰው እንግዲህ ማን ይንገረው?

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ድሃ እስረኛ በእርሳስ ጽፎ በላከው አቤቱታ፣ በ1963 ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ተፈረደ። በ1972 ደግሞ መብቱ ለቀላል ወንጀልም ሆነ፣ እስር የሚያስከትል እስከሆነ ድረስ። (የእኛም አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ ተመሳሳይ ነገር አለው።) ቨርጂኒያ ውስጥ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ዳኛውን ይጠይቃል፤ ከተፈረደበት ወጪው ይታሰብበታል እንጂ ጠበቃው ይቆምለታል። ዐቃቤ ሕጉ «እስር አልጠይቅም» ካለ ግን ይህ ይቀራል። እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ደግሞ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል። ይህን ሳያውቁ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ፍርድ ቤት የሚሄዱ አባቶችና እናቶች ካሉ እባካችሁ ንገሯቸው።

በመጨረሻ የተስማማነው በሦስት ጥያቄ ነው።

አንደኛ፦ ዜግነት አለህ ወይስ ገና ወረቀት ላይ ነህ?
ሁለተኛ፦ እንጀራህ በመንጃ ፈቃድህ ላይ ነው?
ሦስተኛ፦ ቁጥሩ 0.15 ደርሷል፣ ሰው ተጎድቷል ወይስ መኪናው ውስጥ ልጅ ነበር?

ከሦስቱ አንዱ «አዎ» ከሆነ ተበድረህም ቢሆን ጠበቃ ያዝ። ዜጋ ከሆንክ፣ ሥራህ ከመንዳት ጋር ካልተያያዘና ቁጥሩም ዝቅ ያለ ከሆነ ብቻህን ለመቅረብ ማሰብ ትችላለህ። ያኔም ቢሆን ጥፋተኛ ነኝ ከማለትህ በፊት አንድ ጠበቃ አማክር፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ምክር በነጻ ይሰጣሉ። ዳኛውንም ጠበቃ የምፈልግበት ቀጠሮ ይሰጠኝ ማለት ነውር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

የእኛ ልጅ ግሪን ካርድ ነው ያለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዜግነት ሊጠይቅ ያስባል። እንጀራው መሪ ላይ ነው፤ በዚህ ጥፋት የተፈረደበትን ሰው ደግሞ የራይድ ኩባንያዎች ለዓመታት አያስነዱም። ሁለት «አዎ»። የዚህ ወር ዕቁብ የደረሳት ልጅ ተራዋን ለቀቀችለትና ጠበቃ ያዘ። ጋሼ አሁንም «ገንዘባችሁን በላው» ይላሉ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ግን አብረን እንሄዳለን ብለው ካባቸውን አስጠርገዋል።

ጠበቃው ምን ይዞ እንደሚመጣ እናያለን። ልጁ ግን ያን ወረቀት ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ብቻውን ከመቆም ተርፏል። ቅጣት ቢመጣ ቅጣቱን ይቀበላል፤ አይቶት፣ ገብቶት።

እናንተስ ኪሳችሁ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ? አውጡት፤ ለአንድ ሰው አሳዩት።