የአያቴ ጎሽና የአዳኞች ሚዛን

«ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። እኔ ግን አነጋገሩን ሳልመረምር በመፍረዴ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ሳዝን ኖሬአለሁ። ይህን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ መጻፌ፥ እንደ እኔ ማካፈልን ተምሮ መጠየቅን ያልተማረ ቢኖር ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

አያቴ በወጣትነታቸው በደዴሳ ሸለቆ ጎሽ ያደኑ ሰው ናቸው። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጨዋታቸው ያለፈ ዘመን ጨዋታ ነው። በበዓል ቀን እንግዳ ሲሰበሰብ ያንኑ ጎሽ ይተርካሉ፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ «ዐሥር ሰው ተሸክሞት ዳገቱን ወጣ» የሚል ነው።

አምና በፋሲካ ይህን ሲናገሩ እኔ ከመካከል ተነሥቼ፥ «አባባ፥ ትልቅ ወንድ ጎሽ 600 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 600 ለ10 ሲካፈል ለአንድ ሰው 60 ኪሎ ይደርሰዋል። 60 ኪሎ ተሸክሞ የግማሽ ቀን ዳገት የሚወጣ ዐሥር ሰው ከየት አገኙ?» አልኋቸው። እንግዶቹ ሣቁ። አያቴ ብርሌአቸውን አስቀመጡና፥ «እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ልደት መጣ፥ ጥምቀትም አለፈ፤ የጎሹ ታሪክ ግን አልተነሣም። እናቴ «አፋቸውን ዘጋህባቸው» ስትለኝ አንገቴን ከመድፋት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ዘንድሮ የፊዚክስ መምህራችን ስለ መለኪያ ሲያስተምሩን፥ አንድ ነገር በልዩ ልዩ አገር እንዴት እንደሚመዘን ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። እኔም የአዳኞችን ሚዛን መረጥሁ። እውነቱን ለመናገር፥ የመረጥሁት ለአያቴ የተናገርሁት ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ነበር።

በመጀመሪያ የተመለከትሁት ስዊድንን ነው። በዚያ አገር ሙስ የሚባል፥ ከአጋዘን ወገን የሆነ ግዙፍ አውሬ በየዓመቱ ይታደናል። ስዊድናውያን ክብደቱን ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ ራሱን፥ ቆዳውን፥ ሆድ ዕቃውንና የእግሮቹን ጫፍ አውጥተው ከጣሉ በኋላ የቀረውን ነው። ይህም በሕይወት ሳለ ከነበረው ክብደት ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ስዊድናዊ «200 ኪሎ ጣልሁ» ቢል፥ አውሬው በእግሩ ሲሄድ ወደ 400 ኪሎ የሚጠጋ ነበር ማለት ነው።

የጀርመን አዳኞች ደግሞ አጋዘኑንና የዱር አሳማውን የሚመዝኑት ሆድ ዕቃውን ብቻ አውጥተው ነው፤ ቆዳው አይገፈፍም፥ ራሱም በአብዛኛው አይቆረጥም። በስኮትላንድ ተራሮች የአጋዘን ክብደት በቆየው ልማድ የሚነገረው ስቶን በሚባል መለኪያ ነው፤ አንዱ ስቶን 14 ፓውንድ፥ ማለት ከ6 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው። እዚያ ልብና ጉበት ከሥጋው ጋራ ይመዘን ወይስ ይቅር በሚለው ነገር አንዱ ርስት ከጎረቤቱ ርስት ይለያል። በአሜሪካ፥ በሜይን ክፍለ ሀገር፥ ሆድ ዕቃው ወጥቶ 200 ፓውንድ የሚሞላ ወንድ አጋዘን የጣለ ሰው በጓደኞቹ ዘንድ ይከበራል። ሚዛን በሌለበት ዱር ደግሞ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን በሜትር ዙሪያውን ለክተው ክብደቱን በሰንጠረዥ የሚገምቱ አሉ።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስንመጣ፥ የዝሆን አዳኞች የአውሬውን አካል ከቶ አይመዝኑትም ነበር፤ የሚመዝኑት ጥርሱን ነው። በ1898 በፈረንጅ አቆጣጠር በኪሊማንጃሮ አጠገብ የተገደለው ዝሆን ሁለት ጥርሶች እያንዳንዳቸው ከ200 ፓውንድ በላይ ሲሆኑ፥ ዛሬ የሚገኙት በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ነው። በ1955 በአንጎላ ፌኒኮቪ የተባለው የሀንጋሪ ተወላጅ የገደለው ትልቅ ዝሆን በዋሽንግተን ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል፤ ቁመቱ በሜትር ተለክቷል፥ ስለ ክብደቱ የሚነገረው ግን ግምት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ዱር ውስጥ የሚያነሣ ሚዛን ከየት ይመጣል?

ይህን ጽፌ ስጨርስ ደነገጥሁ። አንዱን አውሬ ስዊድናዊውም ጀርመናዊውም ቢመዝኑት ሁለት የተለያየ ቁጥር ይናገራሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም አልዋሹም። ታዲያ እኔ አያቴን «ከሚዛኑ ላይ ምን ነበረ?» ብዬ ሳልጠይቅ ነበር ውሸታም ያደረግኋቸው።

የዘንድሮ ፋሲካ እንደ ደረሰ፥ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ከአያቴ አጠገብ ተቀመጥሁና፥ «አባባ፥ ከጎሹ ወደ ቤት ሳትወስዱ የቀራችሁት ምን ምን ነበር?» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። ኋላም፥ «ራሱን ትተነዋል፤ ቀንዱን ብቻ እኔ ያዝሁ። ሆድ ዕቃውን ለጅብና ለአሞራ ተውን፤ ጉበቱን እዚያው ጠብሰን በላን። ትልልቁን አጥንት ጋጥን፥ ጣልን። ቆዳውን በማግሥቱ ተመልሰን ወሰድነው። የቀረውን ለዐሥር ሰው አከፋፈልሁት፤ ለአንድ ሰው ፈረሱላ ተኩል ያህል ደረሰው» አሉኝ።

የቡናው ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ፈረሱላ ተኩል 25 ኪሎ ተኩል፥ የዐሥር ሰው ደግሞ 255 ኪሎ ይሆናል። ስድስት መቶ ኪሎ ከሚመዝን ጎሽ ራስ፥ ቆዳ፥ ሆድ ዕቃና ትልቅ አጥንት ሲወጣ ከዚህ ቁጥር የራቀ አይቀርም። አያቴ ያለ ሚዛን የተናገሩት ልክ ነበር፤ ጎሹን የለኩት በተሸካሚው ትከሻ ነበርና።

ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። «አንተስ ማካፈሉን አላጠፋህም፤ የምታካፍለውን ነው ያላወቅህ» አሉኝ።

እንግዶቹ ከመጡ በኋላ፥ አምና የሣቁትም ባሉበት፥ «አባባ፥ የጎሹን ይንገሩን» አልሁ። አያቴም ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩት። «ዐሥር ሰው ተሸክሞት ዳገቱን ወጣ» ሲሉ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ እኔም ቆሜ ስለ ፈረሱላው ለእንግዶቹ አስረዳሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ቁጥር ስትሰሙ ልክ ነው ወይም ውሸት ነው ለማለት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ የተመዘነው ምን እንደ ሆነ፥ ከሚዛኑም ምን እንደ ቀረ ጠይቁ። እኔ ይህን ያወቅሁት አንድ ሽማግሌ ካሳዘንሁ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ከዚያ በፊት እንድታውቁት እመኛለሁ።