የጀርባ ሕመም ሁሉ የሸክም አይደለም

ዳገትና ቁልቁለት በበዛባት ጭሮ፣ ብዙዎቻችን አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ፣ ጀሪካን ተሸክማ ልጅ አዝላ የምትውል ሴት «ጀርባዬን» ብትል «ሸክም ነው፣ ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛም በአክስቴ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

አክስቴ የጡት ካንሰር ይዟቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው፣ ድነው ወደ ጓዳቸው ከተመለሱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ ያማቸው ጀመር። ማታ ጋደም ሲሉ ይብስባቸዋል፤ ሲያስሉ ይወጋቸዋል። «ደረቴን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ያሰሩኝ ይመስለኛል» ይሉን ነበር። ቅቤ ቀባናቸው፤ ወጌሻ ጠርተን አሳሸናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እግራቸው ከዳቸው፤ በማግስቱ ሽንት አልወጣ አላቸው። የደነገጥነው ያን ጊዜ ነው።

የጡት፣ የሳንባና የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አከርካሪ አጥንት ሊዛመት ይችላል። እዚያ ያደገው ዕጢ ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን ከዚያ በታች ያለው አካል ይደነዝዛል፣ ይዝላል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ እግር ከመስነፉ ሳምንታት ቀድሞ ይመጣል። በእግሯ እየሄደች ሕክምና የጀመረች ሴት አብዛኛውን ጊዜ መሄዷን ትቀጥላለች፤ እግሯ ከሰነፈ በኋላ የደረሰች ግን እንደገና የምትራመደው አልፎ አልፎ ነው።

ስለዚህ ካንሰር ታክማችሁ የምታውቁ እናቶች፣ እንዲህ ያለ ሕመም ሲሰማችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱና ከሁሉ በፊት «ካንሰር ነበረብኝ» በሉ። ይህ ካልተነገረ ሐኪሙ ተራ የወገብ ሕመም ወይም አከርካሪን የሚያጠቃ የሳንባ ነቀርሳ ሊመስለው ይችላል። ራጅ ደህና ነው ቢባልም አያዘናጋችሁ፤ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው። ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት እብጠቱን ይቀንሳል፤ ከመንገድ በፊት መጀመር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ዋናው ሕክምና ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገራችን የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን፣ ከጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከገለምሶ ወይም ከበዴሳ ለሚነሳማ መንገዱ ይረዝማል። ሕመምተኛዋን ሚኒባስ ላይ አታስቀምጧት፤ ጀርባዋ ሳይጣመም ለብዙ ሆናችሁ አንሥታችሁ አስተኝታችሁ ውሰዷት። ማሸትማ ፈጽሞ አይሆንም!

አክስቴ ጨረሩን አግኝተው ሕመሙ ቀለለላቸው፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። አሁን በራፍ ላይ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። ጎረቤት «ጀርባዬን» ያለች እንደሆነ እጃቸውን ከሰፌዱ ያነሡና «ቀን ነው ወይስ ማታ?» ብለው ይጠይቋታል።