ከኋላ የመጣው ካርታ

በማደሪያችን ካርታ መጫወት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ለአንዱ እኅቱ ከአሜሪካ የላከችለት ካርታ ከምናውቀው ሁሉ የተለየ ነበር። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል፤ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ የፈጠረውና በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣ ነው። ተጫዋቹ ካከማቸው ካርታ የሚሻለውን መርጦ ይቀርባል፤ የእያንዳንዱም ካርታ ሥራ በላዩ ተጽፎበታል። የተጻፈውን ማንበብ ማናችንንም አላስቸገረም። ያስቸገረን ሁለት ካርታዎች ሲጋጠሙ የየትኛው ቃል እንደሚቀድም ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንድ ባልንጀራችንን በደልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጋጣሚው ኃይሉ 2፥ ጽናቱም 2 የሆነ ድብ ነበረው። በዚህ ድብ ላይ ጃያንት ግሮውዝ የተባለውን ካርታ ጣለ፤ ይህም እስከ ተራው ፍጻሜ ድረስ በሁለቱም በኩል 3 ጨምሮ ድቡን 5 በ5 ያደርገዋል። ካርታው ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ ባልንጀራችን ላይትኒንግ ቦልትን፥ ማለት 3 ጉዳት የሚያደርሰውን የመብረቅ ካርታ፥ ጣለና «ድቡ ሞተ» አለ። (ሁለቱም ካርታዎች ከመጀመሪያው ዕትም ጀምሮ የነበሩ፥ በዋጋም እኩዮች ናቸው።)

እኛ ተመልካቾቹ በአንድ ድምፅ ፈረድንበት። 5 በ5 የሆነውን ድብ 3 ጉዳት እንዴት ይገድለዋል? ቀድሞ የተጣለው ቀድሞ ይሥራ እንጂ! «ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ» እያልን ሳቅንበት፤ አንዳንዶቻችንም አጭበርባሪ አልነው። የሳምንት ሻይ ተይዞበት ነበርና ከፈለ፤ ከዚያም ወዲህ ከእኛ ጋር መቀመጥ ተወ።

ሕጉን ያነበብነው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ያውም ለሌላ ክርክር ስንፈልግ። ለካስ የዚህ ዓይነቱ ካርታ እንደ ተጣለ ወዲያው አይሠራም። ሌላው ተጫዋች መልስ እንዳለው ይጠበቃል፤ መልሱም ከላይ ይደረባል፤ በመልሱም ላይ ሌላ መልስ ሊደረብ ይችላል። ሁለቱም ተከታትለው «በቃኝ» ሲሉ ከላይ ያለው አስቀድሞ ይሠራል፤ በመሶብ እንደ ተነባበረ እንጀራ ማለት ነው፥ በመጨረሻ የተነጠፈው በመጀመሪያ ይነሣል። ይህ የቁልል ሥርዐት በ1999 እ.ኤ.አ. ከስድስተኛው ዕትም ጋር የገባ ነው። ስለዚህ መብረቁ ድቡን ገና 2 በ2 ሳለ አገኘው። ጃያንት ግሮውዝ ተራው ሲደርስ የሚያሳድገው ድብ አጥቶ ከንቱ ቀረ።

ይበልጥ የገረመን ግን ተገላቢጦሹ ነው። መብረቁ ቀድሞ ተጥሎ የድቡ ባለቤት በጃያንት ግሮውዝ ቢመልስ ኖሮ፥ ድቡ አስቀድሞ አድጎ ጉዳቱን ይችለው ነበር። ያው ሁለት ካርታ፥ ያው አንድ ድብ! ባልንጀራችንም ጃያንት ግሮውዝ ሠርቶ እስኪያበቃ ቢዘገይ መብረቁ በከንቱ በባከነ ነበር። እኛ ዓይን አውጣነት ያልነው ሰዓቱን ማወቁ ኖሯል።

ሦስት ሆነን የሳምንቱን ሻይ ይዘን ወደ ክፍሉ ሄድን። ልብስ እያጠበ ነበር። «ያን ቀን ሕጉን አንብቡት ብያችሁ ነበር እኮ» አለን። እውነቱን ነው፥ ብሎን ነበር፤ ሳቃችን አላሰማንም እንጂ። ሻዩን ጠጣልን። ካርታውን ግን እስከ ዛሬ አልነካም።