ሰማንያው የማን ነው?

በእኛ አገር ጋብቻ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰማንያና ቁርባን። (ከተሜው «የማዘጋጃ ቤት» የሚባል ሦስተኛ ጨምሯል። ጉንደ ወይን ላይ ግን እሱንም ሰማንያ ነው የምንለው።) ሰማንያ በሽማግሌ፣ በዋስና በምስክር ፊት የሚታሰር ውል ነው። ውል ስለሆነም ይፈርሳል። ባልና ሚስት የተለያዩ እንደሆነ «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ይባላል፤ ያሰሩት ሽማግሌዎች ተመልሰው ይሰበሰቡና በሬውን፣ ላሟን፣ ጎተራ ውስጥ ያለውን ጤፍ ያካፍሏቸዋል። ቁርባን ሌላ ነው። ሥጋ ወደሙን ተቀብለው የተጋቡትን ከሞት በቀር የሚለያቸው የለም ተብሎ ይታመናል።

እንግዲህ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም የማያልፍ ሕዝብ ሁሉ በቁርባን የሚጋባ ይመስላችኋል። አይደለም! ቁርባን ይፈራል። ወጣት ሆኖ የሚቆርበው በአብዛኛው ቅስና የሚጠብቀው ዲያቆን ነው፤ እሱም ግዴታው ስለሆነ። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል። የቀረው ሰው በሰማንያ ይጋባል፣ ይወልዳል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ልጆቹን ይድራል፣ ከዚያ ፀጉሩ ሲሸብት «እንግዲህስ እንቁረብ» ይላል። አያቴ ሁለት ሰማንያ ቀድዳ ከሦስተኛ ባሏ ጋር የቆረበችው የልጅ ልጆች ካየች በኋላ ነው። ለምን እንደዘገየች ስጠይቃት «ቁርባንማ ልጄ፣ ሰውየውን አይቶ ሳይሆን አይቶ ጨርሶ ነው» አለችኝ።

ይህን ያህል ጠንቃቃ ሕዝብ ነን። ለአንድ ባል ሠላሳ ዓመት የሙከራ ጊዜ የሚሰጥ ሕዝብ! ታዲያ ገዢውን ሲቀበል ለምን ያለ ሙከራ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ምስክር በአንዴ ይቆርባል? እኔን ዓመታት ያብሰለሰለኝ ይህ ነው።

ነገሩ የሕዝቡ ጥፋት ብቻ አይደለም። ገዢዎቻችን ራሳቸው ነገሩን እንደዚያ አድርገው ነው ያሰሩት። ድሮ ሰማንያ ሲታሰር ተጋቢዎቹ በንጉሡ ስም ይምሉ ነበር፤ ንጉሡ በእያንዳንዱ ጎጆ ውስጥ መሐላ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው። እሱ ግን ለማንም አይምልም፤ ተቀብቷላ! የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንኑ በጽሑፍ አሰፈረው። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ዘራቸውና ስለ ቅብዓታቸው አካላቸው ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይነካ፣ ሥልጣናቸው የማይጠየቅ ነው ይላል። ከዚህ በላይ ምን ቁርባን አለ? ደርግ መጣና ቅብዓቱን ሻረ። ቁርባኑን ግን አልሻረም፤ «አብዮት» የሚባል ሌላ ታቦት አመጣና በእሱ ፊት አቆረበን።

የሚያስቀው (ወይም የሚያስለቅሰው) ግን ቤተ መንግሥቱ ለራሱ ጋብቻ ሲሆን እንደ ሰማንያ ቀላል አድርጎ ማየቱ ነው። በእምባቦ ጦርነት ምኒልክና የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋግተው ምኒልክ ካሸነፉ በኋላ፣ አፄ ዮሐንስ ገቡና ነገሩን አበረዱት። በዮሐንስና በምኒልክ መካከል ያለው ስምምነት የታተመው በምን ነበር? ገና ልጅ በነበረችው በዘውዲቱ ምኒልክ። ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳረች። ያቺው ዘውዲቱ አድጋ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ስትሆን ደግሞ ባሏ ራስ ጉግሣ ወሌ ከአጠገቧ እንዲርቁ ተደረገ፤ መኳንንቱ የንግሥቲቱ ባል ጉልበት እንዳያገኝ ፈሩ። ልጅ ሆና ስትዳር አልተጠየቀችም፣ ዘውድ ጭና ባሏ ሲወሰድባትም ፈቃዷ ከቁጥር የገባ አይመስለኝም። ራስ ጉግሣ በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሲሞቱ የተዋጉት ከእሷው መንግሥት ጦር ጋር ነበር። የአገር ንግሥት እንዲህ ከሆነች የጎንቻ ሲሶ እነሴ ገበሬ ልጅ ምን ትሁን?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በዛብህ የተማረባት ዲማ ጊዮርጊስ ከእኛ ሩቅ አይደለችም፣ ከቢቸና አጠገብ ናት፤ ስለዚህ ልቦለዱን የሰፈር ወሬ አድርገን ነው የምናነበው። ብዙ ሰው የፍቅር ታሪክ ነው ይላል። እኔ ሦስት ሳይጠየቁ የተሰጡ ወገኖች ነው የማይበት። በዛብህን ወላጆቹ በብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ሰብለ ወንጌልን አባቷ ለዘራቸው ክብር አስቀመጧት፤ የሚመጥናት ባል ጠፍቶ ዕድሜዋ ሄደ። ገባሮቹን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ፊታውራሪ መሸሻ እንዲገዟቸው ተሰጡ። አንዱ የሃይማኖት፣ አንዱ የጋብቻ፣ አንዱ የአገዛዝ ጉዳይ ነው ብለን እንለያያቸዋለን እንጂ ሐዲስ ዓለማየሁ አልለያዩአቸውም። ከሦስቱ ደግሞ አምጸው ጌታቸውን እስከመማረክ የደረሱት ገባሮቹ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ፍቅረኞች መቃብር ገቡ።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ሞጣና ቢቸና የእውነቱን አመጹ። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ ገበሬው ደግሞ ግብር ሲባል የሚሰማው «መሬትህ ሊለካ ነው፣ ርስትህ ሊሄድ ነው» የሚል ነው። አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ነበሩ። ያ አመጽ እንዴት እንደተካሄደ አስተውሉ። ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው ባሏ ያስመረራት ሴት የምታደርገውን ነው፤ ሽማግሌ ላከ፣ አቤት አለ። አልሆን ሲል ጠመንጃ አነሳ። መልሱ ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ሆነ። መጨረሻ ላይ ግን አገረ ገዢው ተነሱ፣ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። ጎጃሜው ከዚህ በኋላ ቤቱ ገባ። ንጉሡን አልፈታም፤ ንጉሡ የላኩበትን ሰው ነው የፈታው። ቁርባኑን ሳይነካ ሰማንያውን ቀደደ ማለት ነው። በልጅነቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሰማኋቸው ሽማግሌዎች የሚኮሩት በዚሁ ነበር፤ «ጃንሆይማ አያውቁም ነበር» ሲሉ ግን እኔ ይከነክነኝ ነበር።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ላይ ሁለት አንቀጾች አሉ፤ ጎን ለጎን ቢነበቡ ደስ ይለኛል። አንቀጽ 34 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል፤ በፍቺም ጊዜ እኩል መብት አላቸው። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። የፍቺ አንቀጽ ማለት እኮ ነው! የመጀመሪያው በየወረዳው ፍርድ ቤት በየሳምንቱ ሥራ ላይ ይውላል። ሁለተኛው ግን በእኛ አካባቢ ሥራ ላይ ሲውል አልሰማሁም። የምርጫ ካርድ ተሰጥቶን በ1997ም በ2013ም ተሰልፈናል፤ የመረጥነውን ሰው በሽማግሌ ፊት አቁሞ «ሰማንያህን አምጣ» ያለ የጉንደ ወይን ሰው ግን አላውቅም።

እዚህ ላይ ሰማንያን አብዝቼ እንዳላመሰግን ያዝ የሚያደርገኝ ነገር አለ። ውል ነው ብያለሁ። ውሉን የሚያስሩት እነማን ናቸው? ሁለት አባቶች። ከብት የሚቆጥሩት፣ ዋስ የሚጠሩት፣ ቀን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። በልጅነቴ አራተኛ ክፍል አብራኝ ትማር የነበረች ልጅ ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰችም፤ «ተዳረች» ተባለ። እኛ የጎደለው የክፍል ተጠሪያችን ስለሆነች «አሁን ማን ስም ይጽፋል?» ብለን ነው የተጨነቅነው። በሁለት ዓመቷ ሰማንያዋን ቀደደች፤ አልቻለችም። ወደ አባቷ ቤት መጣች፣ ከዚያ ባሕር ዳር ሰው ቤት ተቀጠረች፣ ከዚያ ወሬዋ ጠፋ። ይህ የእሷ ብቻ መንገድ አይደለም። ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ዳር ያደገ ሁሉ ቢያንስ አንዷን ያውቃል። መቅደድ መቻሏ ጥሩ ነው፤ ሲታሰር ግን «እሺ» ያላለችውን ውል ነው የቀደደችው።

ሕጉ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ነበር ያለው፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፣ ክልላችንም በ1995 የራሱን አወጣ። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት አለበት ይላል። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ሠርጉን ማኅበር ወይም የታላቅ እኅት ሠርግ ያስመስለዋል። እኔ ራሴ በልቻለሁ፣ ተዝካር ተብሎ የተጠራ ሠርግ። ሕጉን የሚያስከብር ሹም ከነጠላው ጋር ጥግ ላይ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል። ሰው ሹሙን የሚመዝነው በዚህ ነው፤ ለቅሶ ደረሰ ወይ፣ ሠርግ መጣ ወይ ብሎ። ሙሽራዋ ስንት ዓመቷ ነው ብሎ የጠየቀ ሹም ክፉ ሰው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህም ቀርቷል። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጅቱ ቤት ዋለች፤ ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ በእኛ አገር ዓይን ትስባለች፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ታስፈራለችም። አባት «ክፉ ነገር ሳያገኛት ባል እጅ ትግባ» ቢል ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ጠባቂ ስለሌለው ነው። ይህን የምጽፈው ስለ ሌላ ሰው አባት አይደለም።

አጎቴ ስልክ የሠራ ዕለት ደወለ። የሰላምታው ብዛት ነገር እንዳለው ያስታውቃል። በመጨረሻ ለድግስ ገንዘብ እንድልክ ጠየቀኝ፤ ልጁን ሊድር ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው ብዬ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ገና ልጅ እኮ ናት» አልኩት።

«አሥራ ስምንት ሞልቷታል።»

«የት ተቆጥሮ?»

ዝም አለ። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው እንቅልፍ የከለከለኝ። «መንግሥት የታለና ማን ይከለክለኛል ብለህ ነው?» አለኝ። በፉከራ አልነበረም፤ እንደ ሰው የሞተበት ሰው ነው የተናገረው።

የወረዳውን ስልክ ሞከርኩ፣ አይነሳም። ቢነሳስ? ስለዚህ የአጎቴን የነፍስ አባት ደወልኩላቸው። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በ80 ቀኗ ነው፤ ያጠመቋት ደግሞ እኚሁ ቄስ ናቸው። የልደት ምስክር ወረቀት የላትም፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ክርስትና እናቷን ሳይቀር እሳቸው ያውቃሉ። ነገሩን አስረድቼ፣ አባቴ፣ እርስዎ ባይባርኩት ሽማግሌዎቹም ይፈራሉ አልኳቸው።

«አሥራ ስምንት አልሞላትም» አሉኝ ወዲያው። «ያጠመቅኋት የታላቁ ደወል ገመድ የተበጠሰ ዓመት ነው።» ትንሽ ቆዩና «ግን እኔ እንቢ ብል ያለ ቡራኬ አይድራትም ትላለህ? ሰማንያ እኮ ነው፣ ቁርባን አይደል» አሉ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴን ሊያነጋግሩልኝ ቃል ገብተውልኛል። ገንዘቡን አልላክሁም። ዛሬ ሐሙስ ነው።