የሴባስቶፖል ጎታቾች

በጋይንትም ሆነ በስማዳ ወይም በእስቴ፣ በልጅነቱ ከብት የጠበቀ ሰው ከጭቃ በሬ ሳይሠራ አላደገም። ክረምት ሲገባ ዋልካው አፈር እንደ ሊጥ ይለዝባል። እረኛው ከዚያ ቆርሶ በመዳፉ ያድቦለቡላል፤ አራት እግር፣ ሁለት ቀንድና አንድ ሻኛ ያወጣለታል። ጥማዱ ከተሟላ በኋላ ፈረስ ይሠራል፤ ፈረሱ ሲደርቅ ፈረሰኛ ይቀመጥበታል። ከዚያ ወዲያ እርሻው ይረሳና ዘመቻው ይጀመራል። ጠመንጃው በቆላው የማሽላ አገዳ፣ በደጋው ደግሞ የአስታ እንጨት ነው። የሁለት መንደር እረኞች ሠራዊታቸውን በግራና በቀኝ ሲያሰልፉ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ ከብቱም የሰው እህል ውስጥ ይገባል።

ይህን ሥራ ካደጉ በኋላም የማይተዉ ጥቂት ሰዎች አሉ። እኔ ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ጎረቤቶቼ ማታ ማታ በመብራት አጠገብ ተቀምጬ ጣት የማታህል ሰው ስቀርጽ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ሳቃቸው ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ትንሽን ነገር መሥራት ትንሽ ሥራ ነው ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል። በዚህ አልስማማም።

ጦርን አሳንሶ መሥራት እጅግ የቆየ ጥበብ ነው። በግብፅ አገር አሥዩት በተባለው ስፍራ፣ መሰህቲ በተባለ ሹም መቃብር ውስጥ፣ 40 ግብፃውያን ጦር ያዦችና 40 የኑብያ ቀስተኞች ከእንጨት ተቀርጸውና ቀለም ተቀብተው ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ወደ 4 ሺህ ዓመት ይጠጋል። እነዚህን ቅርጾች በፎቶግራፍ አስተውሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ይኸውም ሁሉም በአንድ ዓይነት እርምጃ ቢሰለፉም ቁመታቸው ከሰው ሰው የሚለያይ፣ የጋሻቸውም ቆዳ ዝንጉርጉርነት አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል መሆኑ ነው። ቀራጩ 80 ጊዜ አንድን ሰው አልደገመም፤ 80 ሰው ሠራ እንጂ።

በኤውሮፓ በ18ኛው መቶ ዓመት የጀርመን ከተማ የኑረምበርግ አንጥረኞች ከቆርቆሮ ማዕድን ጠፍጣፋ ወታደሮችን እያቀለጡ ያወጡ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ የወለል ላይ ጦርነት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። እውነተኛው ጦርነት ከዚህ ጨዋታ ጋር ሲወዳደር ምን ያህል ሞኝነት እንደ ሆነ በዚያው መጽሐፍ ጽፏል፤ በዓመቱ ታላቁ የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በሳጥን ታሽገው የሚሸጡ፣ ከፕላስቲክ የተሠሩ ተገጣጣሚ አውሮፕላኖችና ታንኮች በዓለም ተስፋፉ። ወደ እኛ ስንመለስ፣ ከጎንደር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ የሰውና የእንስሳት ምስሎችን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ሰውን በጣት መጠን መቅረጽ ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም።

እኔ ልሠራው የተነሣሁት ነገር በጋይንት ምድር አልፎ የሄደ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የኤውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ እንደ ነበር ይታወቃል። ከእነዚያ ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ፣ መስከረም ወር ሲያልቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከነመድፋቸው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሠራዊቱ በጋይንት በኩል ዘልቆ፣ የጨጨሆን መተላለፊያ አልፎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩን በባሩድ እየሰነጠቁና ገደሉን እየደለደሉ ነበር የሚጓዙት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ሠራዊቱ በቀን ከሁለት ኪሎ ሜትር እምብዛም አልተጓዘም። ዛሬ ከደብረ ታቦር በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋሸና የሚሄድ አውቶቡስ ያን የወራት ጉዞ ከሞላ ጎደል በሰዓታት ይጨርሰዋል።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ውጊያ ሆነ፤ ያ ሁሉ የተደከመለት መድፍም የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። በአዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው ቆሟል። አምሳያው ግን ብቻውን ነው። መድፉን ማን ወደዚያ እንዳደረሰው ለሚጠይቅ መንገደኛ መልስ የሚሰጥ አንድም የሰው ቅርጽ አጠገቡ የለም። እኔ መድፉን ሳይሆን ጎታቾቹን ለመሥራት የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

ማንኛውም አምሳያ ሠሪ መጀመሪያ የሚወስነው መስፈርቱን ነው። በካርታ ትምህርት የምናውቀው ያው መስፈርት ነው። እኔ የመረጥሁት አንድ ለአርባ ነው፤ ማለት በእውነቱ ዓለም 40 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር በእኔ ሳንቃ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ከ65 የሚሆን ሰው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል። መድፉን 500 ያህል ሰው ይጎትተው እንደ ነበር ይተረካል። በአራት ገመድ ቢከፈሉ በያንዳንዱ ገመድ 125 ሰው ይሰለፋል፤ በሁለት ሰዎች መካከል አንድ ሜትር ቢኖር ሰልፉ 125 ሜትር ይረዝማል። ይህም በሳንቃዬ ላይ ከ3 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ወደ ክፍሌ የሚገቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሳንቃው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋው ለምን እንደ ሆነ ነው። «500 ሰው» የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ሲያነቡት አንድ መሥመር እንኳ አይሞላም።

ሚዛንን በተመለከተ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ርዝመት በ40 ሲቀነስ ክብደት የሚቀነሰው በ40 ሳይሆን በ40 ጊዜ 40 ጊዜ 40፣ ማለትም በ64 ሺህ ነው። ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ወይም 7 ቶን ያህል ይመዝናል ቢባል፣ ከዚያው ማዕድን በእኔ መስፈርት የተሠራው አምሳያ 110 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ልጅ በመዳፉ ይይዘዋል። በአንዳንድ ጽሑፎች ላይ መድፉ 70 ቶን ነው የሚል አለ። ይህን አልቀበልም። 70 ቶን ነሐስ ቢቀልጥ ወደ 8 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ይህም በሁሉም ጎኑ 2 ሜትር የሆነ ድፍን ሳጥን ማለት ነው። መቅደላ ላይ ያለውን መድፍ ከጎኑ ከቆሙት ሰዎች ጋር በፎቶግራፍ ያየ ሁሉ ያን ያህል ግዝፈት እንደሌለው ይረዳል። የኩንታሉ ቁጥር ሳይታሰብ ከቶን ጋር የተጣበቀ ይመስለኛል። ሰባቱ ቶን ለ500 ሰው ቢካፈል ለያንዳንዱ 14 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያነሰ ነው። ታዲያ እንዲህ ከሆነ ያ ሁሉ ሰው ለምን አስፈለገ? ሠረገላው ራሱ ሸክም ነው፤ መንኰራኵሩ ዋልካ ውስጥ ይሰጥማል፤ ዳገቱ ላይ የቆመ ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል፤ እንደ ጅጣ ባለ ሸለቆ ሲወርዱ ገመዱ ከፊት ወደ ኋላ ይዞርና ጎታች የነበረው ሁሉ ያዥ ይሆናል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራል። በውስጡ የሽቦ አጥንት ያደረጉለት እንደ ሆነ ጭቃው ሲጨማደድ ሽቦው ስለማይጨማደድ ክንዱ ብብቱ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተነፋ አመድና በደቃቁ የተከተከተ የጤፍ ጭድ እቀላቅልበታለሁ፤ በጥላም አደርቀዋለሁ። መድፉንና መንኰራኵሮቹን የቀረጽኋቸው ከዋንዛ ነው፤ ዋንዛ ለቢላዋ እሺ የሚል እንጨት ነው። ገመዱ በሰም የታሸ የጥጥ ፈትል ነው። በአንድ ማታ ከሦስት ሰው በላይ አልሠራም። 500ውን ለመጨረስ 167 ማታ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ መድፉ ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ከፈጀው ጊዜ ብዙም አይርቅም። እኔ ግን ማታውን ሁሉ ለዚህ ማዋል ስለማልችል እስካሁን የደረስሁት 212ኛው ሰው ላይ ነው።

ቀለም መቀባቱ ከመቅረጹ ይከብዳል። ጀማሪ ሰው ሸማን ነጭ ይቀባል። በጉዞ ላይ ያለ ሸማ ግን ነጭ አይደለም፤ አቧራ፣ ላብና ጭስ ያዩበት ነው። በዚያ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰው ላይ ብርሃን እንደ ሙሉ ሰው ጥላ አይጥልም፤ የሸማው እጥፋት ጥልቀቱ ለዓይን አይበቃም። ስለዚህ ጥላውን ራሱን ሠዓሊው መቀባት አለበት። እኔ መጀመሪያ አመድማ ቀለም አለብሰዋለሁ፤ ከዚያም ጥላሸት በብዙ ውሃ በጥብጬ እጥፋቱ ውስጥ እንዲወርድ አደርጋለሁ፤ ሲደርቅ ጫፍ ጫፉን በደረቅ ብሩሽ ፈካ ባለ ቀለም እነካካለሁ። ያን ጊዜ ሰውየው ከሳንቃው ብድግ ያለ ይመስላል።

ፊት ላይ ስደርስ ግን የአገራችን የሥዕል ልማድ ይገጥመኛል። በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡ ግን በጎኑ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። የዐድዋን ጦርነት የሣሉ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ተከትለው የወገንን ጦር በሙሉ ፊት፣ የጠላትን በጎን አሳይተዋል። በግድግዳ ላይ ይህ ያምራል፤ ተመልካቹም ወዲያው ይለያል። ቅርጽ ግን ይዞራል። ማንም ሰው በሳንቃዬ ዙሪያ ሲመላለስ የእያንዳንዱን ጎታች ጎንም ፊትም ያያል። ማን በሁለት ዓይን፣ ማን በአንድ ዓይን እንደሚታይ የምወስነው እኔ አይደለሁም።

ይህ ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች የሚስማማ ይመስለኛል። ገመዱን የያዘው ማን ነበር? ንጉሡን እስከ መጨረሻው የተከተለ ታማኝ ወታደር ነበረበት፤ መሄጃ ያጣም ነበረበት። የጋፋት ባለሙያዎችም አብረው እንዲጓዙ ተገደዋል። ስንቅ የተሸከሙ፣ ዱቄት የፈጩ፣ እሳት ያነደዱ ሴቶች ከኋላ ነበሩ፤ ስለ መድፉ የሚናገሩ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ይረሷቸዋል። እኔ እስካሁን 31 ሴቶች ሠርቻለሁ፤ አንዷ ተንበርክካ እግሯን የወጋትን እሾህ በወረንጦ ታወጣለች። ጎረቤቶቼ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እርሷን ነው።

«ለምን ሲዋጉ አትሠራቸውም?» የሚሉኝ አሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ንፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ ነበር። በዚያ ወር በከተማይቱ ሴቶች ላይ የደረሰው ግፍ በሰብአዊ መብት ድርጅቶች ተመዝግቧል። ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ለዚህ አገር ልጅ በተረት የሚሰማው ነገር አልሆነም። የጭቃ ጠመንጃ ልጅን ክፉ ያደርጋል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን እኔ ራሴ የሚተኩስ ሰው ለመቅረጽ ጭቃውን ባነሣ እጄ አይታዘዝልኝም። የሚጎትት ሰው ጀርባ፣ የተወጠረ ጅማት፣ ድንጋይ የረገጠ ተረከዝ፣ እነዚህን ለመሥራት ግን ሌሊቱም አይበቃኝ።

አንድ ሰው ብቻ ከገመዱ ውጭ ነው። ሠራዊቱ በጋይንት ያለፈው እህል በሚታጨድበት ወራት ነበር። በጌምድር ደግሞ በዚያ ዘመን በዝርፊያና በቃጠሎ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነበር፤ ጎንደር ከተማም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተቃጥላ ነበር። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ጠባብ የገብስ ማሳ አበጅቻለሁ፤ ገብሱ ቢጫ ቀለም የተነከረ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ከመንገዱ በኩል ያለው ግማሹ ተረግጧል። በማሳው ጫፍ ማጭድ የያዘ ገበሬ ቆሟል። በጋይንት የኖሩ የእኔ አያቶች የዚህ ሰው ጎረቤቶች ይሆኑ ይሆናል። ፊቱን ሦስት ጊዜ ቀብቼ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ አሁን ያለው አፉን ገጥሞ መድፉን የሚያይ ሰው ፊት ነው። ባለፈው ሳምንት ሊያይ የመጣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ሊያግዛቸው ነው ወይስ ሊሸሽ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ገበሬውን ከሳንቃው አንሥቼ በእጁ ሰጠሁት። ሌሎቹ ሁሉ በሙጫ ተጣብቀዋል፤ የእርሱን እግር ግን እስካሁን አላጣበቅሁትም።